ፈተና ነው እንጂ ዘፈን አይደለም

ዓይኔን ያጣሁት በሕፃንነቴ በኩፍኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ያለዚህ የቀረው ታሪክ ስለማይገባችሁ ነው። ማዘኑማ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰፊው ተደርጎልኛል፣ ለዕድሜ ልክ ይበቃኛል።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር በምትቆፈርበት ዘመን ነው። የምንኖረው ሰሚት፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሉጌታ ባሠራው ቤት ነበር። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ የሚያወራውን ዕድገት እኔ የማውቀው በጉድጓድ ነው። ከቤት እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን መንገድ በነጭ በትሬ አጥንቼ ስጨርስ የውኃ ቧንቧ የሚቀብሩ ሰዎች ይመጡና ይቆፍሩታል። እሱን ስለምደው ደግሞ የስልክ ገመድ ቀባሪዎች ይከተላሉ። ሕንፃው ምን ያህል እንዳማረ ሰው ይነግረኛል፣ ጉድጓዱን ግን ማንም ሳይነግረኝ አገኘዋለሁ።

ለጋሼ ያ ሁሉ ቁፋሮ እንጀራው ነበር። በገልባጭ መኪና አሸዋና ጠጠር ለሕንፃ ሥራ ያቀርባል፣ ስልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። አባታችን ሲሞት እኔን ከደብረ ብርሃን አካባቢ አምጥቶ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ልብስ የሚልክልኝ፣ ስመረቅ ድንኳን ጥሎ የደገሰልኝም እሱ ነው። ይህን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ያን ቀን ያደረገብኝን ጠላት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።

የተመረቅሁት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ጋሼ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥሁ። ያላመለከትሁበት መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። በወረቀት ያሳልፉኛል፣ በአካል ስሄድ ድምፃቸው ይለወጣል። «እናሳውቅሃለን» የሚለውን ቃል ከአነጋገራቸው ዜማ ብቻ ሳይጨርሱት ማወቅ ችዬ ነበር።

አንድ ቀን ግን ቦሌ ካለ የእርዳታ ድርጅት ተደወለልኝ። የሪፖርት አዘጋጅ ይፈልጋሉ። የደወለችው የቅጥር ኃላፊዋ ወይዘሮ ሂሩት ናት። እንዴት እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ወንድሜን ወይም አጃቢዬን ሳይሆን እኔኑ። ኮምፒውተሬን ይዤ መጥቼ እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ለብቻዬ እንደምፈተን ነገርኋት። «ሰኞ ጠዋት እንገናኝ» አለችኝ። ያን ቀን ምሳዬን መብላቴን እንኳን አላስታውስም።

አሁን ስለ ኮምፒውተሬ ልንገራችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ የሚሠራው ዊንዶውስ ኤክስፒ በሚባለው ሥርዓት። በዚያን ጊዜ ኤክስፒ አርጅቷል፤ ቢሮዎች ሁሉ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ፣ ወደ ሰቨን አልፈዋል። ውስጡ ግን አንድ ውድ ነገር ነበረው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው። የምጽፈውን እየነገረኝ፣ የተጻፈውን እያነበበልኝ፣ እኔና እሱ ዩኒቨርሲቲን አብረን ጨርሰናል። የጫነልኝ መምህር ጌታሁን የሚባል፣ እሱም እንደኔ ማየት የተሳነው የኮምፒውተር አሠልጣኝ ነው። ፕሮግራሙ የሚከፈተው ለዚያ ማሽን ብቻ በተሰጠ ኮድ በመሆኑ፣ ማሽኑ ፎርማት ተደርጎ ውስጡ ያለው ከተጠረገ ኮዱ አብሮ ይጠፋል።

ችግሩ ማሽኑ አንዳንዴ በሥራ መሀል ቀጥ ይላል። ወይዘሮ ሂሩትም እንደገና ደውላ የፈተናው ፋይል በአዲሱ ዎርድ የተዘጋጀ ስለሆነ የቆየ ኮምፒውተር ላይ ላይከፈት እንደሚችል አስጠነቀቀችኝ። እንግዲህ ሰቨን ላስጭን ወይስ እንዳለ ልተወው? ባስጭን ፋይላቸውን ያለ ችግር እከፍታለሁ፣ ነገር ግን አንባቢዬ ይጠፋል። ብተወው አንባቢዬ አለልኝ፣ ፋይሉ ግን ላይከፈት ይችላል። እናንተ ላፕቶፓችሁን ስታሳድሱ ቢበዛ የሚጠፋባችሁ ፎቶ ነው። እኔ የማጣው ማንበብና መጻፌን ነበር።

መምህር ጌታሁን ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ስለነበር ደወልሁለት። እስኪ ፋይሉን በድሮው ዓይነት አስቀምጠው ሊሰጡህ ይችሉ እንደሆነ ጠይቃቸው አለኝ። ጠየቅሁ። ወይዘሮ ሂሩት ባለሙያቸውን አነጋግራ፣ ይቻላል፣ በፍላሽ እንሰጥሃለን አለች። አለቀ። ውሳኔው ተወሰነ፤ ከፈተናው በፊት ማሽኑ አይነካም። ከፈተናው በኋላ ጌታሁን ሲመለስ አዲስ ኮድ አስመጥተን ተረጋግተን እናሳድሰዋለን። ይህን ሁሉ ለብቻዬ ጠይቄ፣ ለብቻዬ መዝኜ በመወሰኔ፣ አልደብቃችሁም፣ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ለጋሼና ለሚስቱ ለሰላማዊት ነገርኋቸው። ጋሼ ኮምፒውተሩ አሮጌ መሆኑ ከነከነው።

«እዚያ ሁሉ ተፈታኝ መሀል ይህን ቅራቅንቦ ይዘህ ልትገባ ነው? መገናኛ ሳሚ የሚባል ልጅ አለ፤ የእኔንም እሱ ነው የሚሠራልኝ። በአንድ ቀን አዲስ ያደርገዋል።»

«አይሆንም ጋሼ። አሁን ከተነካ አይሠራልኝም። አስቤበት ነው፣ ጌታሁንንም ጠይቄያለሁ።»

«እሺ በቃ» አለ። እኔ ይህንን «እሺ» እንደ እሺ ቆጠርሁት። ለካስ ሰው ከሕፃን ጋር ላለመጨቃጨቅ የሚለው ዓይነት እሺ ነበር።

እሁድ ቅዳሴ ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ የአንድ ጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ስለነበር እዚያው ዋልሁ። ወደ ቤት የተመለስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እንደ ልማዴ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄጄ ጠረጴዛውን ብዳብስ ባዶ ነው። ሰላማዊትን ጠራኋት። ሳቅ እየተናነቃት ምንም እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ደስ የሚል ነገር ስትደብቅ ድምፏ ያስታውቃል። ኮምፒውተሬ የት እንደሄደ ያኔ ገባኝ።

ጋሼ ሲመጣ ደረጃውን ሲወጣ ያፏጭ ነበር። ላፕቶፑን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«እንካ ኤፊ። ሰቨን ተጫነለት። አዲስ ነው የሚመስለው።»

መጀመሪያ የነካሁት ቁልፎቹን ነው። ጣቶቼ ቦታቸውን እንዲያውቁ አንዳንድ ቁልፎች ላይ በሙጫ ያበጀኋቸው ትናንሽ እብጠቶች ነበሩ። የሉም። ቆሻሻ መስሎት ሳሚ በአልኮል ጠርጎ እንዳጸዳው ጋሼ በደስታ ተረከልኝ። ማብሪያውን ተጫንሁና ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ጠበቅሁ። ማዳመጫውን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ጨርሼ ነቀልሁትና ጆሮዬን ማሽኑ ላይ ለጠፍሁ። ከውስጥ የማራገቢያው ሽውታ ብቻ ይሰማል።

«በርቷል እኮ» አለ ጋሼ ከኋላዬ። «እንዴት እንደሚያምር። ሰማያዊ ሆኖ መሀሉ ላይ ብርሃን አለው።»

«ድምፁስ?»

«እሱ እንኳ እምቢ አለ። ማሽኑ የድሮ ስለሆነ ድምፁን የሚያሠራው ነገር ከኢንተርኔት መምጣት አለበት አለ ሳሚ፣ ሌላ ቀን ይጭንልሃል። ግድ የለም አልሁት። ነገ ያለው ፈተና ነው እንጂ ዘፈን አይደለም።»

በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለዝቤ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን በምን የማነበው ይመስልሃል?»

«በ... ጣትህ ነዋ። ቁልፎቹን ታውቃቸዋለህ።»

«ቁልፎቹ የምጽፍባቸው ናቸው። የማነበውስ?»

ሰላማዊት ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «እኔ ዘፈን የምትሰማ ነበር የሚመስለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ ማዳመጫ ስለምታደርግ።»

ማዳመጫውን የማደርገው እኮ እሷን ከቴሌቪዥኗ እንዳልረብሻት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእነሱ ጋር አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ኤፊ ጎበዝ ነው፣ ኮምፒውተር እኮ ይሠራል» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ነግረዋል። እንዴት እንደምሠራ ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ተአምር አድርገው ነው የቆጠሩት መሰለኝ፤ ተአምር ደግሞ አይጠየቅም። እኔም ያወቁ መስሎኝ አልነገርኋቸውም። እዚያው ቁጭ እንዳልሁ በጣም አዘንሁ፣ ለኮምፒውተሩ ብቻም አይደለም።

ጋሼ ስህተቱን ሲረዳ በረገገ። ወዲያው መኪና አስነሥቶ ወደ መገናኛ ወሰደኝ። ሳሚ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ጋሼ ነገሩን ሲያስረዳው ልጁ ጥያቄውን ሁሉ ለጋሼ ማቅረብ ጀመረ። ምን ዓይነት ፕሮግራም ነበር የሚጠቀመው? ኮዱን ይዞታል? ሌላ ኮምፒውተር የለውም? እኔ ከመሀላቸው ቆሜያለሁ።

«ኮምፒውተሩ የእኔ ነው» አልሁት። «እኔን ጠይቀኝ።»

«እሺ ወንድሜ» አለኝ፤ ቀጥሎ ወደ ጋሼ ዞሮ «ግን ንገረው፣ የድሮው ሁሉ ጠፍቷል» አለው። ኤክስፒን መልሶ ሊጭነው ይችላል፣ ኮዱን ግን ከየትም አያመጣውም። ለመምህር ጌታሁን ደወልን። አዲስ ኮድ ከውጭ አገር ለማስመጣት ቀናት ይፈጃል አለ። ሆኖም በነፃ የሚገኝ ሌላ አንባቢ ፕሮግራም ስላለ ከኢንተርኔት አውርደው ድምፅ ያለው ማሽን ላይ ይጫኑልህ ብሎ ስሙን አስጻፈን። ሳሚ የራሱን ላፕቶፕ ሊያውሰኝ ተስማማና ማውረድ ጀመረ። ትንሽ ይሄድና ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ጋሼ «ደረሰ? ደረሰ?» እያለ ይንቆራጠጣል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጎረቤት ያለው ሙዚቃ ቤት በድንገት ዝም አለ። መብራት መጥፋቱን ያወቅሁት በዚያ ነው፤ ኢንተርኔቱም አብሮ ተቋረጠ። ጠበቅን፣ ሱቆቹ ሁሉ አንድ በአንድ ሲዘጉ ሰማን፣ መብራቱ ግን አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቦሌ ስንሄድ ጋሼ አላፏጨም። ብቻዬን በበትሬ እገባለሁ ብዬ የጓጓሁበት በር ላይ እጄን ይዞ አስገባኝ። ለወይዘሮ ሂሩት የሆነውን ነገርኋት። ደነገጠች። ቀኑን እንዲያዛውሩልኝ ለመንኋት፣ ገብታ ከሌሎቹ ፈታኞች ጋር ተነጋገረች። ተፈታኞቹ ሁሉ የሚፈተኑት በአንድ ቀን ስለሆነ ማዛወር አልተቻለም። የፈቀዱልኝ ነገር ቢኖር ሰው እንዲያነብልኝና የምለውን እንዲጽፍልኝ ነው። ከጋሼ በስተቀር ሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ክፍል ውስጥ የማስታውሰው የቁልፎች ድምፅ ነው። ሌሎቹ ተፈታኞች ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያለማቋረጥ ይጽፋሉ። ጋሼ ደግሞ ከጥግ፣ ለፈተና የተሰጠንን ረጅም የእንግሊዝኛ ሪፖርት በሹክሹክታ፣ ፊደል እየቆጠረ ያነብልኛል። ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባው እኔን ለማስተማር ነው። ቃል ሲከብደው ይዘለዋል፤ ምን እንደዘለለ ስጠይቀው ያልበዋል። የላቡን ሽታ እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሊነበብ ከሚገባው ግማሹ ላይ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ። የጻፍነው አንዲት አንቀጽ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ሂሩት እስከ በሩ ሸኘችን። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ድምፏ ውስጥ ኀዘን ነበረበት። ግን የተናገረችው ለእኔ አልነበረም።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለችው ጋሼን። «ሌሎቹ አይችልም ሲሉ የተከራከርሁለት እኔ ነኝ። ለማየት የፈለግነው ብቻውን መሥራት መቻሉን ነበር።»

እሷም ተለወጠች ማለት ነው። አርብ ዕለት በስልክ ከእኔ ጋር ያወራችው ሴት ሰኞ ከወንድሜ ጋር አወራች። አልፈረድሁባትም። እጁን ተይዞ የገባ፣ ሰው ያነበበለት፣ ሰው የጻፈለት አንድ ልጅ ነው ያየችው። ያን ቀን አንድ ነገር ላሳያቸው ነበር የሄድሁት፤ ያሳየኋቸው ተቃራኒውን ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሼ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝና «አይዞህ ኤፊዬ» አለ። «እኔ እያለሁ ምን ጎደለህ?»

ከልቡ ነው ያለው። ለዚያ ነው ያቃጠለኝ። ይቅርታ ቢለኝ፣ ወይም ጥፋቱን ክዶ ቢቆጣኝ ኖሮ ተጣልተን ይወጣልን ነበር። እሱ ግን የጎደለኝ ነገር መኖሩን ጨርሶ አላየም። ቤቱ አለ፣ ምግቡ አለ፣ አልጋው አለ፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ምን ያደርግለታል? ወንድሜ እንደሚወደኝና እንደማያውቀኝ በአንድ አፍታ ገባኝ፣ ሁለቱም እኩል እውነት ነበሩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፣ ለማየት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

በዚያው ሰሞን ከቤቱ ወጣሁ። ቦሌ ቡልቡላ፣ ገና አስፋልት ያልገባለት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሰላማዊት አለቀሰች፣ ጋሼ አኮረፈ። ውለታ ቢስ ነው ብሎ ለዘመድ ሁሉ ነገረ፣ ከእሱ በኩል ሲታይ እውነቱን ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ መምህርነት እስኪቀጥረኝ ድረስ የከፋ ጊዜ አሳለፍሁ። የእርዳታ ድርጅቱን ሥራ የመሰለ ዳግመኛ አላገኘሁም። አሁን የማስተምራቸውን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ ቢሆንም ያ ወንበር የእኔ ሊሆን ይችል ነበር ብዬ የማስብባቸው ቀናት አሉ፣ ብዙ ናቸው።

እናንተ ይህን በዓይናችሁ የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ ምክር ሰልችቶኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንደተለወጠ ግን ልንገራችሁ። ማንም የእኔን ዕቃ ሳልፈቅድለት ሲነካ እጮኻለሁ፣ ክፉ ነው ይሉኛል። ሰው አጠገቤ ያለውን «ምን ይፈልጋል?» ብሎ ስለ እኔ ሲጠይቅ ቀድሜ እመልሳለሁ፣ ችኩል ነው ይሉኛል። ኮምፒውተሬን ባሳድስም ባላሳድስም የምወስነው እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ሥራዬ የጠፋበት ጊዜም አለ። የዚያ ስህተት ንዴት ተኝቼ ስነሣ ይለቀኛል፣ ምክንያቱም የራሴ ነው። የጋሼ ደግነት ያጠፋብኝ ግን ስንቴ ተኝቼ ብነሣም እስካሁን አልለቀቀኝም።

እርቅ ወርዷል፤ ይህንንም ልጨምር። እናታችን ከደብረ ብርሃን መጥታ፣ ልጆቼ ተኮራርፈው አልሞትም ብላ ሽማግሌዎች አስቀመጠች። የጋሼ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። እኔን በጋሼና በእናቴ መሀል አስቀመጡኝ። ወንድማማችነት ተወራ፣ ውለታ ተወራ፣ ሰይጣንም የድርሻውን ወሰደ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሙሉጌታ» አሉ፣ «ልጁ ይቅር ብሎሃል?»

«ብሎኛል አባቴ» አለ ጋሼ። «እሱ ልቡ ንጹሕ ነው።»

እናቴ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መመረቅ ጀመሩ፣ ሁሉም አሜን፣ አሜን አለ። እኔ «ገና ነኝ፣ እየሞከርሁ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በእነሱ ዘንድ ግን ታርቀናል።